ያለ ጽሑፍ ውል ቤት የተከራየ ሰው መብቱ እስከ ምን ድረስ ነው?

በከተሞቻችን ቤት የሚከራይ ሰው ብዙውን ጊዜ ደላላ ያሳየውን ክፍል አይቶ፣ በወሩ ዋጋ ተከራክሮ፣ የመጀመሪያውን ክፍያ ቆጥሮ ሰጥቶ፣ ቁልፉን ተቀብሎ ይገባል። የወረቀት ነገር የሚነሳው ጠብ ሲመጣ ነው። አከራዩ በሳምንት ውስጥ ቤቱ እንዲለቀቅለት ሲጠይቅ ወይም ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ኪራዩ በብዙ መቶ ብር እንደሚጨምር ሲያስታውቅ፣ ተከራዩ «ውል የለኝም፤ ምን ብዬ እከራከራለሁ?» ብሎ ዕቃውን ማሰር ይጀምራል። አከራዩም ቢሆን የሚመካው በዚሁ የወረቀት አለመኖር ነው። ሆኖም በኢትዮጵያ ሕግ የጽሑፍ ውል አለመኖር የተከራዩን ማስረጃ ያሳሳዋል እንጂ በቤቱ ውስጥ የመኖሩን እውነታና ከዚያ የሚመነጩትን ጥበቃዎች በሙሉ አያጠፋቸውም። የቀረው ምን እንደሆነና ምን እንደጎደለ ለማወቅ፣ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረውን የፍትሐ ብሔር ሕግና በ2016 የወጣውን የቤት ኪራይ አዋጅ ጎን ለጎን ማንበብ ያስፈልጋል።

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚነሳው ከነጻነት ነው። በቁጥር 1719 እንደተደነገገው፣ ሕግ በተለይ ካላዘዘ ወይም ተዋዋዮቹ ራሳቸው ካልተስማሙበት በቀር፣ ውል ለመጽናት የተለየ አጻጻፍ አያስፈልገውም። የማይንቀሳቀስ ንብረትን በሚመለከት በጽሑፍ መሆን ያለባቸው ውሎች በቁጥር 1723 ሲዘረዘሩ፣ የተጠቀሱት ባለሀብትነትን (የንብረት ባለቤትነትን)፣ የአላባ ጥቅምን (በሌላ ሰው ንብረት የመጠቀም መብትን)፣ የንብረት አገልግሎትን (አንዱ ይዞታ ለሌላው የሚሰጠውን እንደ መተላለፊያ ያለ ጥቅም) እና መያዣን የሚያቋቁሙ ወይም የሚያስተላልፉ ውሎች ናቸው። መኖሪያ ቤት ማከራየት ከእነዚህ መካከል የለም። ስለዚህ በአሮጌው ሕግ ዓይን በቃል የተደረገ ኪራይ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሙሉ ውል ነበር፤ ጎዶሎው በክርክር ጊዜ የሚያስረዳው ወረቀት አለመኖሩ ብቻ ነበር።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ግለሰቦች ከከተማ ቤት የኪራይ ገቢ እንዳያገኙ ከልክሎ ነበር። በዚያ ዘመን ክፍል ያከራየ ሰው ጉዳዩን ለቀበሌ በሚታይ ወረቀት ላይ እንደማያሰፍረው ግልጽ ነው። የቃል ኪራይ ልማዳችን ከዚያ የተረፈ ነገር ሳይኖርበት አይቀርም ብዬ አስባለሁ፤ ዛሬ ደግሞ የአከራዩ ስጋት ግብሩ ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከቤት ኪራይ የሚገኘውን ገቢ በሠንጠረዥ «ለ» ሥር አስገብቶ ግብር ይጥልበታል፤ ውል መጻፍ ማለትም ለብዙ አከራዮች ገቢን ራስን አጋልጦ ማሳወቅ ማለት ነው። ተከራዩ ውል ሲጠይቅ የሚያጋጥመው መኮሳተር በአብዛኛው ምንጩ ይኸው ነው።

የ2016 አዋጅ የለወጠው ነገር

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 17 ቀን 2016 ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይህን ልማድ በቀጥታ የነካ ሕግ ነው። በአዋጁ መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ መደረግና በተቆጣጣሪው አካል፣ ማለትም አዋጁን በሚያስፈጽመው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ዘንድ መመዝገብ አለበት፤ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ አከራይ ሊጠይቅ የሚችለው ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ ኪራዩም የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። የኪራይ ጭማሪን በተመለከተ፣ አከራይ እንደ ፈለገው የሚቆልለው ቀርቶ ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ የሚያስታውቀውን መጠን መከተል ይጠበቅበታል። አዋጁን የተላለፈ ወገን በገንዘብ ይቀጣል።

በአዲስ አበባ ምዝገባው በሰኔ 2016 በየወረዳው ተጀምሯል፤ ጉዳዩን የሚመራውም የከተማው የቤቶች ልማትና አስተዳደር ቢሮ ነው። የክልል ከተሞች ነዋሪ ግን አዋጁ በእርሱ ከተማ ሥራ ላይ ውሎ እንደሆነ አስቀድሞ ከከተማው አስተዳደር መጠየቅ ይኖርበታል፤ የሚፈጸምባቸውን ከተሞች የሚወስኑት ክልሎቹ ናቸውና። ሱቅ፣ ቢሮ ወይም መጋዘን የተከራየ ሰው ደግሞ ስሙ እንደሚለው ለመኖሪያ ቤት የወጣው ይህ አዋጅ አይመለከተውም፤ እርሱ የሚዳኘው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው።

ብዙ ሰው «ውል በጽሑፍ መሆን አለበት» የሚለውን ድንጋጌ የተከራዩ ግዴታ ብቻ አድርጎ ይወስደዋል። ግዴታው የሁለቱም ነው። እንዲያውም በተግባር ሲታይ ወረቀቱን አልፈርምም የሚለው አከራዩ ስለሆነ፣ ውል ያልተጻፈው በማን እምቢታ እንደሆነ ማሳየት የቻለ ተከራይ በወረዳም ሆነ በችሎት ፊት እግሩ የጸና ይሆናል።

በቃል የተደረገው ኪራይ ፈራሽ ነውን?

አስቸጋሪው ጥያቄ ይህ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1720 ሕግ ለአንድ ውል የተለየ አጻጻፍ አዝዞ ሳለ ትእዛዙ ካልተፈጸመ፣ ያለው ነገር ውል ሳይሆን ረቂቅ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ቁጥር 2003 ደግሞ በጽሑፍ እንዲሆን በሕግ የታዘዘ ውል፣ ሰነዱ መጥፋቱ፣ መሰረቁ ወይም መበላሸቱ ካልተረጋገጠ በቀር፣ በምስክር ወይም በሕሊና ግምት (ከታወቀ ነገር ተነሥቶ ያልታወቀውን በመገመት) ሊረጋገጥ እንደማይችል ይደነግጋል። አሁን አዲሱ አዋጅ የመኖሪያ ቤት ኪራይን በጽሑፍ እንዲሆን ስላዘዘ፣ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አንስቶ «በመካከላችን የነበረው ረቂቅ ነው፤ ጎረቤት ጠርተሽ ልታስመሰክሪ አትችዪም» ብሎ የሚከራከር የአከራይ ጠበቃ መኖሩ አይቀርም። ተከራይም ይህን ክርክር ከአሁኑ ቢያውቀው ይሻለዋል።

ክርክሩ ግን እስከ መጨረሻው የሚያስኬድ አይመስለኝም። በመጀመሪያ ደረጃ ያው ቁጥር 1720 የግብርና የመሳሰሉት ሥርዓቶች አለመፈጸማቸው ውሉን እንደማያፈርሰው ይናገራል፤ ለሦስተኛ ወገኖች ለማሳወቅ ተብለው የታዘዙ ሥርዓቶችም በሕግ በግልጽ ካልተባለ በቀር በዚሁ መንገድ ይታያሉ። ስለዚህ በሁለት ምስክሮች ፊት የተፈረመ ወረቀት ኖሮ በወረዳ ያልተመዘገበ እንደሆነ፣ ባለመመዝገቡ ብቻ «ውል አይደለም» ማለት ይከብዳል። ቅጣት ሊያስከትል ይችላል፤ መቀጣትና የውል መፍረስ ደግሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በሁለተኛ ደረጃ ቁጥር 2003 በር የዘጋው በምስክርና በሕሊና ግምት ላይ ነው። የማስረጃ ዓይነቶችን የሚዘረዝረው ቁጥር 2002 ከእነዚህ ሌላ ጽሑፍን፣ የተከራካሪውን ወገን እምነት (ነገሩን ራሱ ማመኑን) እና መሐላን ይጠቅሳል። አከራዩ በገዛ እጁ በስልክ የጻፈው መልእክት፣ የሰጠው ደረሰኝ፣ በችሎት «አዎ፣ በወር ይህን ያህል ይከፍለኛል» ብሎ የሚሰጠው ቃል ሁሉ በዚህ በኩል ይገባል። በሦስተኛ ደረጃ ውሉ ፈራሽ ነው ቢባል እንኳ፣ ቁጥር 1815 የሚያዘው ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው እንዲመለሱ ነው። በዚህ ስሌት አከራዩ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ተቀብሎ በሁለተኛው ወር «ውል የለንም» ቢል፣ ያልተኖረበትን የአራት ወር ገንዘብ ይዞ ሊቀር የሚችልበት ሕጋዊ ምክንያት አይኖረውም። ውል የለም ማለት ገንዘብ ለማስቀረት ሲሆን የሚሠራ፣ ለመመለስ ሲሆን የማይሠራ ክርክር ሊሆን አይችልም።

አዋጁ ከመውጣቱ በፊት በቃል የተከራየና እስካሁን በዚያው ቤት ያለ ሰው ደግሞ ውሉ በተደረገበት ጊዜ ጽሑፍ የሚያስገድድ ሕግ እንዳልነበረ ማንሳት ይችላል። ይሁንና እርሱም ቢሆን የነባር ኪራዮች ምዝገባ ስለሚመለከተው ነገሩን ወደ ወረቀት ማምጣቱን ቸል ሊል አይገባም።

ተከራይነትን የሚያስረዱ ነገሮች

በቃል የተከራየ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስረዳቸው የሚገቡት ነገሮች አራት ናቸው፦ በቤቱ የገባው በኪራይ መሆኑን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ የወሩ ዋጋ ስንት እንደሆነና እስካሁን የከፈለውን። ከእነዚህ ውስጥ በችሎት ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ሦስተኛው ነው። አከራዩ ተከራይነቱን አይክድ ይሆናል፤ ነገር ግን በወር 5,000 ብር የነበረውን 8,000 ነበር ብሎ የሦስት ወር ውዝፍ ሊጠይቅ ይችላል።

ለዚህ ከባንክ ዝውውር የተሻለ መከላከያ የለም። በየወሩ ተመሳሳይ መጠን፣ በተቀራራቢ ቀን፣ ለአንድ ሰው ሒሳብ መተላለፉ ብቻውን ብዙ ይናገራል፤ ላኪው በምክንያት መጻፊያው ቦታ ላይ «የኅዳር 2017 የቤት ኪራይ» ብሎ ቢጽፍበት ደግሞ ክርክሩን ከሥሩ ይቆርጠዋል። በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ የሚልኩ ብዙዎች ይህን ቦታ ባዶ ይተዉታል፤ አንዳንዶቹ «ለቤት» ብለው ያልፉታል፣ ይህም የአስቤዛ ብድር ነው ለሚል ክርክር ይመቻል። ከሁለት ዓመት በኋላ የሚነበብ ማስረጃ ስለሆነ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን ሙሉ ጽፎ መላክ ይገባል። ደረሰኙንም ስልኩ ውስጥ ብቻ ከማስቀመጥ ለራስ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም መላክና በየጊዜው ከባንኩ ማኅተም ያለበት የሒሳብ መግለጫ ማውጣት ያዋጣል፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል።

አከራዩ በጥሬ ገንዘብ ካልሆነ አልቀበልም የሚል ከሆነ፣ ያው ቀን አጭር የጽሑፍ መልእክት መላክ ብልህነት ነው። «እትዬ፣ የጥር ወር ኪራይ 5,000 ብር ዛሬ ጠዋት በእጅዎ ሰጥቻለሁ፤ መድረሱን ቢያረጋግጡልኝ» የሚል መልእክት ትሕትናውን ሳይለቅ ከአራቱ ጥያቄዎች አብዛኞቹን ይነካል። «ደርሶኛል» የሚል ምላሽ ከመጣ ከላይ የተባለው የተከራካሪ እምነት ሆነ ማለት ነው። ምላሽ ባይመጣም በየወሩ ሳይቋረጥ የተላከና ያልተስተባበለ መልእክት ዳኛ ዝም ብሎ አያልፈውም። ድምፅን በስውር ቀድቶ ማስረጃ ማድረግ ግን የራሱ የሕግ ጣጣ ስላለው፣ በግልጽ ጽሑፍ ማድረጉ ይመረጣል።

ሌሎቹ ማስረጃዎች ደጋፊ ናቸው። አከራዩ ስለ ተከራዩ ለወረዳ ወይም ለፖሊስ ያስመዘገበው ቅጽ፣ ለነዋሪነት መታወቂያ የሰጠው ማረጋገጫ፣ በዚያ አድራሻ የተደረገ የልጅ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የሰፈሩ ዕድር የአባልነት ደብተር፣ የመብራትና የውሃ ድርሻ የተከፈለበት ማስታወሻ፤ እነዚህ ሁሉ ተደምረው ሰውዬው በዚያ ቤት መኖሩን ያሳያሉ። ደላላውም ምስክር ሊሆን ይችላል፤ ኮሚሽኑን ከሁለቱም ወገን የበላ ሰው መሆኑ ግን በመስቀለኛ ጥያቄ እንደሚነሳበት ይጠበቃል። ጎረቤት ምስክር ስለ መኖር እንጂ ስለ ዋጋ ብዙ አያውቅም።

በሚገቡበት ዕለት የግድግዳውን፣ የመስኮቱን መስታወት፣ የመጸዳጃ ቤቱን ዕቃና የቆጣሪውን ንባብ ፎቶ አንስቶ ለአከራዩ መላክ ሌላው ርካሽ መከላከያ ነው። ሲወጡ «በርህን አስጠግን፣ ቀለሙን ቀባ» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው በዚያን ጊዜ ማንም የማያስታውሰውን ነገር መሠረት አድርጎ ነው።

ስለ ጭማሪና ስለ ሁለት ወረቀት

አዋጁ በሚሠራባቸው ከተሞች ኪራይ የሚጨመረው በተቆጣጣሪው አካል በሚታወጀው የዓመት መጠን ብቻ ከሆነ፣ በወር መካከል «ኑሮ ተወደደ» ተብሎ የሚመጣ ጭማሪ ሕጋዊ መሠረት የለውም። በቃል የተከራየ ሰው ይህን ጥበቃ ለመጠቀም የሚያንሰው መነሻ ዋጋውን ማሳየት ነው። ሦስትና አራት ወር አንድ ዓይነት ክፍያ በባንክ ያሳየ ሰው መነሻው ተገኝቶለታል።

ጭማሪውን ላለመቀበል ሲባል ኪራይ ጨርሶ ማቆም ግን ትልቅ ስሕተት ነው። አዋጁ ውል ሊቋረጥባቸው ከሚችሉ ምክንያቶች መካከል የኪራይ ክፍያ ማዘግየትን ያስቀምጣል፤ ቤቱን ከመኖሪያ ውጭ ማዋልም፣ ቤቱን ማበላሸትም፣ የአካባቢውን ሰላም ማወክም፣ ወንጀል መፈጸምም በዚያው ተርታ አሉ። ስለዚህ ተከራዩ የቀድሞውን ዋጋ በቀኑ፣ በባንክ እየከፈለ በጭማሪው ላይ ይከራከራል። አከራዩ ገንዘቡን መልሶ ቢልከውም መላኩ ራሱ ተከራዩ ለመክፈል ዝግጁ እንደነበረ ማስረጃ ይሆናል።

አሁን አሁን የሚሰማው ሌላው ዘዴ ሁለት ወረቀት መፈራረም ነው። ለወረዳው በሚቀርበው ላይ ኪራዩ 4,000 ብር ይባላል፤ በቤት በተቀመጠው ላይ 9,000 ይሆናል፤ ልዩነቱም በየወሩ በእጅ ይከፈላል። ተከራዩ ቤት ለማግኘት ሲል ይስማማል፤ አንዳንዱ እንዲያውም የተመዘገበው ዝቅተኛ ዋጋ ለእኔ ይጠቅመኛል ብሎ ያስባል። በአንድ በኩል እውነት አለው፤ ጭማሪ ሲሰላ የሚታየው የተመዘገበው ዋጋ ነው። በሌላ በኩል ግን በእጅ የሄደው ገንዘብ ምንም ዱካ አይኖረውም፤ ቅድሚያ ክፍያው የተሰላው በዘጠኝ ሺው ከሆነ ሲለቅ የሚመለስለት በአራት ሺው ሊሆን ይችላል፤ ግብር ለመሰወር በተሠራ ሐሰተኛ ሰነድ ላይ የፈረመውም እርሱ ራሱ ነው። በእኔ ግምት ከእንዲህ ያለው ሁለት ወረቀት ንጹሕ የባንክ ዝውውር ያለው የቃል ኪራይ ይሻላል።

ቁልፍ ሲቀየርና መብራት ሲቆረጥ

ከቃል ኪራይ ጠቦች ሁሉ የሚከፋው አከራይ በራሱ ጉልበት ሊያስወጣ ሲነሳ ነው። ተከራይዋ ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሎ ታገኛለች፤ ወይም ቆጣሪው በዋናው ቤት ስለሆነ የሰርቪስ ቤቱ መብራት ማታ ማታ ይጠፋል፤ ወይም ፍራሿና የምግብ ዕቃዋ ግቢው ውስጥ ተቆልሎ ይጠብቃታል። እዚህ ላይ የጽሑፍ ውል መኖር አለመኖሩ የመጀመሪያው ጥያቄ አይደለም። የአከራይነት ክርክር ያለው ሰው የሚጠይቀው ፍርድ ቤትን ነው፤ ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ፣ ራሱ አስፈጻሚ ሊሆን አይችልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የመኖሪያ ቤትን ግላዊነት ሲጠብቅ የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ አይለይም፤ የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 604 የመኖሪያ ቤትን ሰላም መድፈር ወንጀል አድርጎታል። የግቢው ባለቤት መሆን በተከራየ ሰው ክፍል ውስጥ ያለ ፈቃዱ እየገቡ ዕቃ ለማውጣት ፈቃድ አይሆንም።

በፍትሐ ብሔር በኩል ያለው መንገድ በተለምዶ «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው ክስ ነው። ቁጥር 1149 ይዞታው የተወሰደበት ወይም ሁከት የተፈጠረበት ሰው ይዞታው እንዲመለስለት ወይም ሁከቱ እንዲወገድለትና የደረሰበት ጉዳት እንዲካስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል፤ ክሱም ይዞታው ከተወሰደበት ወይም ሁከቱ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። ተከሳሹ ለራሱ የሚያደላ መብት መኖሩን ወዲያውኑና በማያጠራጥር ሁኔታ ካስረዳ ክሱ ሊወድቅ ስለሚችል፣ ተከራይዋ በቤቱ ውስጥ በምን መብት እንደነበረች የሚያሳየውን ማስረጃ ከክሱ ጋር ማያያዝ አለባት። ከላይ የተዘረዘሩት የዝውውር ደረሰኞችና መልእክቶች ዋጋቸው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ መብራቱ እንዲቀጠል ወይም ቤቱ ለሌላ ሰው እንዳይከራይ ፍርድ ቤቱ የእግድ ትእዛዝ እንዲሰጥም መጠየቅ ይቻላል። ለዳኝነት የሚከፈለውን መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ ለመክሰስ ያመለክታል። በየዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤቶች የከፈቷቸው ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አቤቱታ በመጻፍ ይረዳሉ፤ ለሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ ምክር ይሰጣል።

ፖሊስ ጣቢያ የሄዱ ተከራዮች «ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ተብለው መመለሳቸው የተለመደ ነው። ስለ ኪራዩ ዋጋና ስለ መልቀቅ ከሆነ መልሱ ትክክል ነው። በር ተሰብሮ ዕቃ ከወጣ፣ ድብደባ ወይም ዛቻ ካለ ግን ጉዳዩ ከዚያ ያልፋል፤ ስለዚህ ቃል ሲሰጥ በኪራዩ ታሪክ ከመጀመር ይልቅ «ዛሬ በዚህ ሰዓት በሬ ተሰብሮ ዕቃዬ ወጥቷል» ብሎ ከተፈጸመው ድርጊት መጀመር ያስፈልጋል።

አከራዩ ማን ነው?

ውል በሌለበት ኪራይ አንዳንዴ ተከራዩ የማን ተከራይ እንደሆነ እንኳ አያውቅም። ባለቤቱ ውጭ አገር ይኖራል፤ ኪራዩን የሚሰበስበው የወንድም ልጅ ወይም የቀድሞ ጎረቤት ነው። በኮንዶሚኒየም ቤቶች ይህ እጅግ የተለመደ ነው። የሚሰበስበው ሰው በውልና ማስረጃ የተረጋገጠ ውክልና ካለው ችግር የለም፤ ከሌለው ግን አንድ ቀን ባለቤቱ መጥቶ ወይም ሌላ ወኪል ልኮ «ለእርሱ ክፈል ያለህ ማን ነው?» ሊል ይችላል። ስለዚህ ውክልናውን ማየትና ፎቶ አንሥቶ መያዝ፣ ካልሆነም ኪራዩን በቀጥታ በባለቤቱ ስም ባለ ሒሳብ ማስገባት ይመረጣል። ከሌላ ተከራይ ላይ ክፍል የተጋራ ሰው ደግሞ መብቱ ከዋናው ተከራይ መብት ስለማያልፍ፣ ዋናው ባለቤት መኖሩን የሚያውቅ መሆኑን በመልእክትም ቢሆን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

የቃሉን ስምምነት ወደ ወረቀት ማምጣት

ከገቡ በኋላም ቢሆን ውል መጻፍ ይቻላል፤ ቀድሞ የተባለውን ስምምነት ማረጋገጫ ተደርጎም ይጻፋል። በአከራዩ ላይ ጣት ሳይቀስሩ «ወረዳው ምዝገባ ስለሚጠይቅ እኔም እርስዎም እንዳንቀጣ» ብሎ መጀመር ከሁሉ የተሻለ መግቢያ ነው። አከራዩ እምቢ ካለ ጥያቄውን በጽሑፍ መልእክት ደግሞ መላክ፣ ከዚያም ለተቆጣጣሪው አካል አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ይህን እርምጃ መውሰድ ከአከራዩ ጋር ያለውን ሰላም እንደሚያሻክር አይካድም፤ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቧንቧ የሚኖሩ ሰዎች ናቸውና ጊዜውን መምረጥ የተከራዩ ፈንታ ነው።

ወረቀቱ ከደብተር በተቀደደ ሉክ ላይ ቢጻፍም ይበቃል፤ የጎደለው ነገር ካለ ግን ማኅተምና የታይፕ ውበት አያድነውም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1727 መሠረት በጽሑፍ የሚደረግ ውል በሚገደዱበት ወገኖች ሁሉ መፈረምና በሁለት ምስክሮች መረጋገጥ አለበት። በቤት ውስጥ ከሚጻፉ ውሎች ብዙዎቹ የሚሰናከሉት አንድ ምስክር ብቻ ስለፈረመባቸው ወይም የምስክሮቹ ስም ተጽፎ ፊርማቸው ስለቀረ ነው። በይዘቱ የሁለቱም ወገን ሙሉ ስምና የመታወቂያ ቁጥር፣ የቤቱ ቁጥርና የሚከራየው ክፍል፣ ኪራዩ የጀመረበት እውነተኛ ቀን፣ የወሩ ዋጋና የሚከፈልበት ቀን፣ የተሰጠው ቅድሚያ ክፍያ፣ የመብራትና የውሃ ወጪ የሚካፈሉበት ሁኔታ ሊገባ ይገባል። የተጀመረበትን ቀን ወደፊት ገፍቶ መጻፍ ለአከራዩ የሚጠቅም ይመስላል፤ ተከራዩ ግን እስካሁን የከፈለውን በገዛ ፊርማው እንደሚያጠፋ ማወቅ አለበት።

ቤቱን በስምምነት የሚለቅ ተከራይም እንዲሁ ነው። መልቀቁን አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ በመጨረሻው ቀን የቆጣሪውን ንባብና የክፍሎቹን ሁኔታ ፎቶ ያነሣል፤ ከቅድሚያ ክፍያው የሚቀረውን ተሳስቦ ይቀበላል፤ ቁልፉን ሲያስረክብም «ቁልፉን ዛሬ አስረክቤያለሁ፣ በመካከላችን ቀሪ ሒሳብ የለም» የሚል መልእክት ልኮ ምላሹን ያስቀምጣል፤ ቁልፉ ያልተመለሰ ከመሰለ ለማያድርበት ወር ኪራይ ሊጠየቅ ይችላልና።